በቆዳ የተሰፋ አድራሻ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት የስም ካርድ እንዳሳትም የመከረኝ ሐምዱ ነው። ሐምዱ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አዲስ አበባ ይመላለሳል። እኔ ቢቸና ልብስ ሰፊ ነኝ።

«አያ አካለ ወልድ፣ ስም ብቻ ያለበትን ካርድ ሰው ጥርሱን ይጎረጉርበትና ይጥለዋል» አለኝ። «ከጀርባው የሚጠቅም ነገር ያስጽፉበት።»

አሰብሁበት። ከሞጣ ቢቸና በእግር ሁለት ቀን ነው። ሰው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ በዓል ይሆንና ሱቄ ዝግ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከፊት ስሜንና ቦታዬን፣ ከጀርባ መርፌ የማልይዝባቸውን የወሩን በዓላት ከነቀናቸው አስጻፍሁ። የቅዱሳኑን ስም እንደ ብራና መጽሐፍ በቀይ ቀለም አስደረግሁት። ሐምዱ ሁለት መቶ አሳትሞ አመጣልኝ። ያምር ነበር።

ጥር ላይ ሞጣ ሄጄ ለገበያተኛው አደልሁ። በዚያው የከተማዋ ባለጸጋ እመት ይርጋነሽ አስጠሩኝ። ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ለካህናቱ ዐሥራ ሁለት ካባ ሊያሰፉ ተስለዋል።

«ጨርቁ ሲመጣ ሰው እልክብዎታለሁ» አሉ። ካርዴን ሰጠኋቸው።

ዓይኔ እየከዳኝ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከእንግዲህ አላገኝም። የመጣውን ሌላ ሥራ እየመለስሁ ጠበቅሁ። የካቲት አለቀ። መጋቢት አለቀ። ከሞጣ አንድም ሰው አልመጣም። ሚያዝያ በገባ በሳምንቱ ተነሥቼ ሄድሁ።

«ምነው እሜቴ፣ ቀሩብኝ?»

«የቀሩትስ እርስዎ! ሎሌዬ ቢቸናን ሲያስስ ከረመ። ስምዎን ወልደ ኪዳን ብዬ ነበር የላክሁት። እንዲህ የሚባል ሰፊ የለም ብለው መለሱት።»

«ስሜ ካርዱ ላይ አለ።»

«ካርዱማ ይኸው!» ብለው ከአንገታቸው ክር ሳቡ። ክታብ ወጣ። በቀይ ቆዳ ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል።

«ይኸን ካሰርሁ ወዲህ ራስ ምታቴ ለቀቀኝ» አሉ።

«እሜቴ፣ ውስጡ ያለው የእኔ አድራሻ ነው።»

«የመላእክት ስም አይደለም?»

«እሱ በጀርባው ነው። በፊቱ ልብስ ሰፊ ይላል። ይፈታና ይዩት።»

«ይፈታ? እኒህ ሰውዬ! በሽታዬን ሊመልሱብኝ ነው የመጡት?»

«ካባውስ?»

«በዓሉ ደረሰ፣ ምን ላድርግ? ለዚህ ለጎረቤታችን ሰፊ ሰጠሁት።»

ሄጄ አየሁት። ሰፊው በረንዳው ላይ ዐሥራ አንዱን ጨርሶ የመጨረሻውን ይዟል። የሁሉም የትከሻ ጥልፍ ተጣሟል።

ክታቡን የሰፋውን ቆዳ ሠራተኛ ፋንታን ፈልጌ አገኘሁት።

«የእኔን ካርድ ስንቱን ሰፋህ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ። ልኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለእጅ ይመቻል። እግዜር ይስጥዎ፣ ሥራ አስገቡልኝ። የተረፈ አለዎት?»

«ፊቱን አላነበብኸውም?»

«ማንበብ ብችል ቆዳ እፍቅ ነበር?»

ከከተማው ልወጣ ስል እመት ይርጋነሽ በበቅሎ ደረሱብኝ። እህታቸው ባንቺዓለም ወገቧን ያማታል። አንድ ካርድ ብቻ ይሰጠኝ አሉ።

አወጣሁ። ግን አልዘረጋሁላቸውም። «መጀመሪያ ይበሉ» አልሁ። «አካለ ወልድ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቢቸና፣ ከአውራጃው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት።»

አሉ። ደግመው አሉ። በሦስተኛው፣ «አካለ ወልድ፣ ልብስ ሰፊ፣ ደጀን» አሉ።

«ቢቸና!»

«ምነው ይቆጡኛል?» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ለወገብ በሽታ አገሩ ምን ያደርጋል?»