ምራት አስለቃሽ

በፔሩ፣ ከኩስኮ ከተማ በላይ፣ በእኛ ተራራ፣ የድንች ዓይነት ሞልቷል፤ ከሁሉም ክፉው ግን «ምራት አስለቃሽ» የምንለው ነው። አባጣ ጎርባጣ፣ ጉድጓዱ ጉድጓድ የወለደ ድንች። ልጃገረድ ለትዳር ስትታሰብ የልጁ እናት እሱን ሰጥታ ታስልጣታለች። ልጣጩ ከወፈረ ሙያ የላትም ተብላ ትመለሳለች።

እኔን ያስላጠችኝ ቶማሳ ናት፣ የኢላሪዮ እናት። ኢላሪዮን እወደው ነበር። ስጣደፍ ጣቴን ቆረጥኩት፣ ልጣጩም እንደ ጫማ ሶል ወፈረ። ቶማሳ አንዱን አንስታ ለእህቶቿ አሳየች።

«ይቺ ቤቴ ከገባች ልጄ በረሃብ ማለቁ ነው» አለች። «እንኪ፣ ለእናትሽ አሳማ ውሰጂለት።»

ኢላሪዮ አንገቱን ደፋ። ልጣጩን በቀሚሴ ቋጥሬ ወጣሁ። ለአሳማው ግን አልሰጠሁትም፤ በንዴት ከቤታችን ጀርባ ቀበርኩት። በቀለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሌላ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሸበትኩ፤ ያን ድንች ግን በየዓመቱ ዘራሁት። ዘንድሮ ክፉ ውርጭ የመንደሩን ድንች ሁሉ ሲያቃጥል በግድግዳ ጥግ የተከለለው የእኔ ብቻ ተረፈ። ጎረቤቱ ሁሉ ዘር ሊለምን መጣ፤ ለሁሉም ሰጠሁ። ቶማሳ ከሁሉም ኋላ በምርኩዝ መጣች።

«ሳቢናዬ፣ ማሳዬ ጦሙን ሊያድር ነው» አለችኝ።

«ይቀመጡ እማማ» አልኩና አንድ ድንችና ቢላ ሰጠኋት። «መጀመሪያ ይቺን ይላጡልኝ።»

ገባት።

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ሙያ ያረጃል እንዴ?»

ላጠች። ልጣጩ ብርሃን እስኪያሳልፍ ስስ ነበር። ቀና ብላ ያኔ እንዳየችኝ አየችኝ።

«አየሽ? እንዲህ ነው የሚላጠው።»

«ያምራል እማማ። የእኔ ወፍራም ስለነበር የሚያበቅለው ዓይኑ አብሮት ሄደ። ዘንድሮ መንደሩ የሚዘራው ያን ለአሳማ ያሉትን ልጣጭ ነው።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ስሱን ልጣጭ ለቃቅሜ በማዘያ ጨርቋ ቋጠርኩላት።

«የእርስዎ ዘር ይኸውልዎ። ሄደው ይዝሩት።»

ቋጠሮዋን ይዛ ወጣች። ቁልቁለቱን ስትወርድ በር ላይ ቆሜ አየኋት፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «አጥፍቼ ነበር» ብትለኝ ኖሮ የእሷ የዘር ድንች ጆንያ ከበሩ ጀርባ ሞልቶ ተቀምጦላት ነበር። አሁንም እዚያው አለ።