አሥራ አንዱ ጠማማ ሚስማሮች

ሰፈሩ አባቷን «ጋሽ ሚሊሜትር» ይላቸዋል። ይህን የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ መቼም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ወንበርና ሶፋ ቆዳ ሲያለብሱ፣ አንድ የጌጥ ሚስማር ከመስመሩ የፀጉር ያህል ከወጣች ነቅለው እንደገና ይመቱ ነበር። ልጃቸውንም ያሠለጠኑት እንደዚያው ነው። ሠርታ ስትጨርስ ይመጣሉ፣ አውራ ጣታቸውን በሚስማሮቹ አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር ያስኬዳሉ፣ አንዷ ላይ ቆም ይሉና «ይቺ ትነቀል» ብለው ይሄዳሉ። ሃያ ዓመት አብራቸው ስትሠራ «ጎበዝ» የምትል ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። ምን ነበረበት፣ አንድ ቀን እንኳ ቢሏት። «የእኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው» ትል ነበር ሲከፋት።

ዘንድሮ ስትሮክ ጣላቸውና ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ልጅቷ አንድ ነገር ቆረጠች፤ ከመመለሳቸው በፊት የገዛ ወንበራቸውን አድሳ ልትጠብቃቸው። ወንበሩን ትዳር እንደያዙ በእጃቸው የሠሩት ነው። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ስፖንጁ በየቦታው ብቅ ብሏል። «ላድስልህ» ባለቻቸው ቁጥር «ተይው እሱን» ይሏታል። አሁን ግን የሚከለክላት የለም። «ይሄን አይቶማ ዝም አይልም» አለች በሆዷ።

ቆዳው አላስቸገራትም፤ ጠቆር ያለ ቡናማ መረጠች። ያስቸገራት ሚስማሩ ነው። ሚስማር ሻጩ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈላት፤ እንደ መስታወት የሚያበራ ቢጫ፣ ትንንሽ ጥቁር፣ ደብዘዝ ያለ ነሐስ።

«አሁን ሰው የሚወስደው ግን ይሄን ነው» አለና አንድ ጥቅል አነሣ። የሚስማር አናት የሚመስሉ ጉብታዎች የታተሙበት ረጅም ቀጭን ቆርቆሮ ነው። «በየአምስቱ አንድ እውነተኛ ሚስማር ትመቺና አለቀ። መስመሩ በራሱ ቀጥ ይላል። ለማን ነው?»

«ለአባዬ ወንበር።»

ሻጩ ጥቅሉን ወደ መደርደሪያው መለሰ። «እኔ የለሁበትም። ጋሽ ሚሊሜትር ከአልጋቸው ተነሥተው ይመጡብኛል።»

ሳቀች፤ ከስንት ቀን በኋላ። ከዚያ ከቦርሳዋ የቆዳ ቁራጭ አውጥታ ሚስማሮቹን እያፈራረቀች ሰካችባት። ቢጫው ቆዳውን ዋጠው፣ ጥቁሩ ደግሞ ቆዳው ውስጥ ጠፋ። ዐይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ ስትዳስስ ነሐሱ ክብና ለስላሳ ሆኖ አገኘችው። እሱን ወሰደች።

በወንበሩ ግራ ክንድ መደገፊያ ላይ ያረጀ ጨርቅ ነበር። የጣለችው እናቷ ናት፤ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ። አባቷ ጨርቁን ራሳቸው ያጥቡታል፣ ራሳቸው ይመልሱታል፤ ሌላ ሰው አያስነኩም። ከሥራ ሲያርፉ ግራ እጃቸውን ከሥሩ ከተው ይቀመጣሉ። ልጅቷ ብርድ እየፈሩ ነው ትል ነበር።

ጨርቁን ስታነሣ ክው አለች። አሥራ አንድ ሚስማሮች፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አናታቸው በመዶሻ ተጨፍልቆ፣ ሁለቱ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተው። የቀረው ወንበር በማስመሪያ የተሠመረ ነው። ጋሽ ሚሊሜትር ይህን ሠሩ? ጀማሪ ሳሉ ያበላሹት መሰላት፤ እናቷም የባሏን ጉድ በጨርቅ የሸፈነችላቸው። አሳዘኗት።

«ከእንግዲህ የምታፍርበት ነገር የለም፣ አባዬ» አለች ለብቻዋ።

ሚስማሮቹን በሙሉ በጉጠት ነቀለች። የድሮ ቀዳዳዎችን በእንጨት ስንጣሪና በኮላ ደፈነች። አዲሱን ቆዳ ወጠረች፣ በጠመኔ አሠመረች፣ ሦስት ቀን ሙሉ መታች። አሮጌዎቹን ሚስማሮች ጣሳ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። የሥራ ቤቱ ሕግ ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ ሳይቀመጥ አሮጌ ሚስማር አይጣልም።

አባቷ በመጡ ዕለት ደግፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ግራ እጃቸው መደገፊያውን ፈለገ፤ አውራ ጣታቸው ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ። ጣቱ የትም ሳይቆም ጫፍ ደረሰ። ተመልሶ እንደገና ሄደ።

«ቀጥ ብሏል» አሉ ቃሉን እየጎተቱ። «ጎበዝ።»

ሃያ ዓመት የጠበቀችው ቃል መጣ። ግን አባቷ እያለቀሱ ነበር።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«እናትሽ የመታችው ነበር» አሉ። «አንቺን ልትወልድ ሳምንት ሲቀራት። ‹እኔም ልሞክር› ብላ መዶሻውን ቀማችኝ። አሥራ አንድ መታች። ‹በኋላ ትነቅለዋለህ አይደል?› አለችኝ። እኔ እያለሁ አይነቀልም አልኳት። ሰው አየብኝ እያለች በጨርቅ ትሸፍነው ነበር።»

ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አባቷ አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ብድግ ብላ ጣሳውን ወለሉ ላይ ገለበጠችው። አናታቸው የተጨፈለቀውን መፈለግ አላስቸገረም፤ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ለቀመች። ከመደገፊያው ላይ አሥራ አንድ አዲሶች ነቀለች። አዲሱ ቆዳ ላይ ቀዳዳው ቀረ፤ ይቅር። የመጀመሪያውን የእናቷን ሚስማር ይዛ መታች። ቀጥ ብሎ ገባ። ነቅላ ትንሽ አዛንፋ መታች፤ አሁንም እጇ ሳታዘው ወደ መስመሩ መለሰው። ሃያ ዓመት ቀጥ ማለት የተማረ እጅ መጣመም አቃተው።

መዶሻውን በአባቷ ግራ እጅ አስያዘቻቸው።

«በግራዬ መትቼ አላውቅም» አሉ። «እጄም ይንቀጠቀጣል። ይጣመማል።»

«ይጣመም።»

ሚስማሩን ያዘችላቸው። የመጀመሪያው ምት ሳተ፤ ሁለተኛው ጣቷን አገኛት። እጇን አልሰበሰበችም። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች እያለ አሥራ አንዱም ገባ፤ ሲጨርሱ የሸሚዛቸው ጀርባ በላብ ርሶ ነበር።

አባቷ መዶሻውን አስቀምጠው አውራ ጣታቸውን ሰደዱ። እያንዳንዱ ሚስማር ላይ ቆሙ። ልጅቷ በልማዷ «ይቺ ትነቀል» እስኪሏት ጠበቀች። አላሉም።

ታጥቦ የተጣጠፈውን ጨርቅ አምጥታ መደገፊያው ላይ ልትጥለው ዘረጋችው።

«ተይው» አሉ። «ይታይ።»