ሠርጉን የበሉ ምስክሮች

ሰገነት ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ስትገባ ሦስት ሰው ተሰልፏል። አልፋቸው መጣች።

«እትዬ፣ ያላገባች የሚል ወረቀት ነበር። እስከ ዓርብ ደብረ ማርቆስ ማስገባት አለብኝ።»

«ሰልፍ አለ።»

ሄዳ ተሰለፈች።

ቢቸና ውስጥ፣ በዚህ ቀበሌ፣ ልደትና ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ የምመዘግበው እኔ ነኝ። ያላገባ የሚል ወረቀት በሳምንት አምስት ስድስት እጽፋለሁ። ሦስት ምስክር ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ማህተም እመታለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ተራዋ ሲደርስ ማስታወቂያውን በስልኳ አሳየችኝ። መከላከያ ሁለተኛ ዓመት የጨረሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይፈልጋል። ቀሪውን ትምህርት ይሸፍናል፣ የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ሲመረቁ የመኮንንነት ሥልጠና፣ ከዚያ ሰባት ዓመት አገልግሎት። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ውጤት፣ ከዚያ «ያላገባ/ች ስለመሆኑ/ኗ ከቀበሌ ማስረጃ»። ልጅቷ ማርቆስ ሲቪል ምህንድስና ነው የምትማረው። አምና አንድ ሴሚስተር አቋርጣለች፤ እናቷ ብቻዋን ናት፣ ወጪውን አልቻለችም። ይሄ ካመለጣት ዘንድሮም ማቋረጧ ነው።

«ወታደርነት ትወጃለሽ?»

«ድልድይ መሥራት እወዳለሁ። እነሱ ደግሞ ድልድይ ይሠራሉ።»

«በይ ምስክር አምጪ።»

ከሰዓት ሰገነት ከእናቷ ከይርጋነሽ ጋር ሦስት ሰው ይዛ መጣች። ሰው ሲመርጡ አንቱ የተባለውን ነው የሚመርጡት። መምሬ ሀብተ ሥላሴ፣ የሰፈሩ ቄስ። አቶ ወልደ ኪዳን፣ የእድሩ ዳኛ። ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ ጎረቤት። ቅጹን አነበብኩላቸው። «ሰገነት ትዳር ያልመሠረተች መሆኗን እናረጋግጣለን።» እስክሪብቶውን ለመምሬ ሰጠሁ። አልተቀበሉኝም።

«ይቺ ልጅ አግብታለች» አሉ።

ሰገነት ግድግዳውን ታያለች። ይርጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«መቼ?»

«ሰባት ዓመቷ ሳለ። ስጦታው ለሚባል ልጅ ዳርናት። የመረቅሁት እኔ ነኝ። እሱም ድግሱን በልቷል፣ እሷም በልታለች» ብለው ሁለቱን ምስክሮች በመስቀላቸው አሳዩኝ።

«ጠላው ቀጥኖ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

«ቀጥኖ አራት ጣሳ ጠጣሽ?» አለቻት ይርጋነሽ።

ዝም በሉ አልኩ። ቀስ ብዬ ጠየቅሁ። ልጅቷ በሠርጓ ማግስት ወደ እናቷ ተመልሳለች፤ እስክታድግ ነበር ነገሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት ገባች። ልጁ ሞጣ ወርዶ ሥራ ያዘ። አባቱ ሞቱ። ማንም ውሰዳት ብሎ አልጠየቀም፣ ማንም አልፈታውም። አሥራ ሦስት ዓመት እንደዚያው ተቀመጠ።

«መምሬ፣ በሕግ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የተፈጸመ ጋብቻ ጋብቻ አይደለም። መዝገቤ ላይም የለም።»

«ሕጉ ድግሱ ላይ አልነበረም፣ ልጄ። እኔ ግን ነበርኩ። ወጡን በልቼ፣ መርቄ፣ አላገባችም ብዬ ልፈርም?»

«እሳቸው ካልፈረሙ እኔም አልፈርምም» አሉ አቶ ወልደ ኪዳን።

«ሌላ ምስክር አምጡ» አልኩ።

ይርጋነሽ ሳቀች፣ የመረራት ሳቅ። «ከየት? አገር ምድሩን ነው የጠራነው። ያልበላ የለም።»

መምሬን ምን ይሻላል አልኳቸው። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። ባልየው ፊቴ ቀርቦ ይፍታት። ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።»

ሰገነት እዚህ ላይ ተናገረች። «ባልየው አይበሉት፣ መምሬ።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

ወደ እናቷ ዞረች።

ስጦታው ሞጣ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ እንደሚሠራ ይርጋነሽ ታውቃለች፤ ስልኩን አታውቅም። የሞጣዋ ባልደረባዬ የባለመደብሩን የሀጂ ሳሊህን ቁጥር ፈልጋ ሰጠችኝ። ረቡዕ ጠዋት ደወልኩ።

«ሀጂ፣ ከቢቸና ነው፣ ከቀበሌ።»

«ምን አጠፋን?»

«ምንም። ስጦታው የሚባል ልጅ እርስዎ ጋ አለ? ለፍቺ ነበር የፈለግሁት።»

«ለምን?»

«ለፍቺ።»

ከስልኩ ራቅ ብለው ሲጮሁ ሰማኋቸው። «አንተ ስጦታው! ና እዚህ! ባለትዳር ነህ እንዴ? ስድስት ዓመት ሙሉ ላጤ ነኝ እያልክ እኔ ቤት ምሳ ትበላለህ?» ከኋላ ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ስልኩን ተቀበለ። ነገርኩት።

«ያ ቀርቷል ብዬ ነበር።»

«አልቀረም። ነገ ጠዋት ቢቸና ና።»

«መኪና ካገኘሁ።»

«አግኝ።»

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ደብረ ወርቅ ላይ መኪና ቀይሮ፣ ሲሚንቶ የነካው ጃኬት ለብሶ። ሀጂ ሳሊህ ፈቃድ ሰጥተውታል፤ ሲመለስ ፍቺውን እንዲያሳያቸው ነግረውታል። ሦስቱ ምስክሮች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። መምሬ ሁለቱን ልጆች ጠረጴዛዬ ፊት አቆሟቸው። ሥራዬን ማቆም ስላልቻልኩ የአንድ ሰውዬ የሞት ምዝገባ እየሞላሁ ነው የሰማሁት።

«ስጦታው፣ ይቺን ታውቃታለህ?»

«አይ፣ መምሬ። ማለቴ፣ አዎ።»

«አንቺስ?»

«በሠርጉ ቀን ዳቦዬን ነጥቆኛል» አለች ሰገነት።

«እኔ? አላስታውስም። እኔማ በቅሎው ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ እንደነበር ነው የማስታውሰው።»

«ትፈልጋታለህ?»

«ኧረ መምሬ!»

«ኧረ አይባልም። ትፈልጋታለህ፣ አትፈልጋትም?»

«አልፈልጋትም።» ወደሷ ዞር አለ። «አይክፋሽ።»

«አልከፋኝም» አለች።

«አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?»

«አልፈልገውም።»

መምሬ አጠር ያለ ጸሎት አደረሱ። መስቀል አሳለሟቸው። «ተፈታችኋል። እግዚአብሔር ለየብቻ መንገዳችሁን ያቅናው።» ሟቹን እያስመዘገበ የነበረው ሰውዬ ሳይጠራ አሜን አለ።

ወረቀቱን ጻፍኩ። ያላገባች አላልኩም። «በመዝገባችን ላይ የተመዘገበ ጋብቻ የላትም። በአሁኑ ጊዜም ባል እንደሌላት ምስክሮች አረጋግጠዋል።» መምሬ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት።

«ይሄ እውነት ነው» አሉ። እስክሪብቶውን ያዙና ግን አልፈረሙም። «ልጄ፣ እዚያ ስትገቢ ውሉ የስንት ዓመት ነው?»

«ከተመረቅሁ በኋላ ሰባት ዓመት።»

«ከሰባት ዓመት በፊት ልውጣ ብትዪስ?»

«አይቻልም።»

«ከኛው ይብሳል በዪኛ።»

ይርጋነሽ እንኳን ሳቀች። መምሬ ፈረሙ፣ አቶ ወልደ ኪዳን ተከተሉ፣ ወይዘሮ ሀብትነሽ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። ማህተም መታሁ።

ሰገነት ወረቀቱን እያየች ቆመች። «እነሱ ግን ያላገባች ነው ያሉት።»

«እኔ የምጽፈው ይሄን ነው።»

«ካልተቀበሉኝስ?»

«ቆመሽ ስትጠይቂኝ መኪናው ይሄዳል።»

ሄደች።

ዓርብ ስልኬ አልጠራም። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው። ሰኞ አምስት ሰዓት ላይ፣ የልደት ካርድ የምትፈልግ አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ፊቴ ቆማ ሳለ ደወለች።

«እትዬ፣ ሰገነት ነኝ።»

«ፈጠን በዪ።»

«ወረቀቱን የምትመረምረዋ ሻምበል ናት። ዓርብ ስሰጣት ለምን ያላገባች አይልም አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«ነገርኳት። ስለ ሰባት ዓመቴ፣ ስለ መምሬ፣ ሁሉንም።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «ማን ንገሪ አለሽ?»

«መምሬ አልዋሽም ብለው እኔ በሳቸው ፊርማ ልዋሽ?»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ፋይሌን ለብቻ አስቀመጠችው። እስከ ስምንት ሰዓት ውጭ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወጥታ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ድልድይ ሠራሁ ቢለኝ መሐንዲስ ነህ አልለውም፣ የሰባት ዓመት ልጅም ሚስት አልላትም አለች። ከሌሎቹ ተፈታኞች ጋር ሩጪ አለችኝ። ሮጥኩ።»

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«አራተኛ።»

«ከሴቶች?»

«ከሁሉም።»

«ተቀበሉሽ?»

«ዛሬ ጠዋት ውሉን ፈረምኩ። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ አንቺ ንገሪልኝ።»

«ራስሽ ንገሪያት። እኔ ሰው ቆሞብኛል።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሴትዮዋን የልጁን ስም ጠየቅኋት።