የተደጋገመው ንጋት

እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። ሻይ ጣደች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ጫማዋን ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ፈለገች። አንዱ ራቅ ብሎ ስለነበር በመጥረጊያ እንጨት ሳበችው። ሻይዋን ቆማ ጠጥታ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደች።

ሃያ ስድስት ዓመት በአራሚነት የሠራችበት ቤት ነው። ዛሬ የምታየው ግን ባሏ ዘጠኝ ዓመት ደክሞበት የተረጎመውንና ሳይታተምለት የሞተውን ረጅም የጥንት ግሪኮች የጦርነት ግጥም ነው። ከነገ ወዲያ ይታተማል።

አርታኢው ረቂቁን ዘርግቶ ጠበቃት። በቀይ ያልተሰረዘበት ገጽ ጥቂት ነው።

"እትዬ፣ እንዳይቆጡኝ" አለ። "ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መድገም አይታክታቸውም ነበር። 'ጎህ ቀደደ፣ ሰዎቹም ከየመኝታቸው ተነሱ' ሠላሳ አራት ጊዜ አለ። አንዴ ከነጋ ነጋ ነው እኮ።"

"መልእክተኛውንም ሰርዘኸዋል።"

"ንጉሡ ሲናገር ሰምተናል። እሱ ሄዶ ቃል በቃል ሲደግመው ምን ይሠራልናል? 'መልእክቱን አደረሰ' ብዬ ገላገልኩት።"

"እኔም አድርጌዋለሁ" አለች።

እውነቷን ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ስትተይብለት፣ የአራሚ እጅ አያርፍምና፣ የተደገመውን ሁሉ ስህተት መስሏት ዝም ብላ አወጣችው። ባሏ አልተቆጣም። አንድ በአንድ በእርሳስ መልሶ ጻፈውና፣ "ይህን ያዜሙ የነበሩት ሰዎች ወረቀት አልነበራቸውም" አላት። "የተደገመው ላይ ሲደርስ ገጣሚው ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ሰሚውም የሚያውቀው ቦታ ደረሰ ማለት ነው። ትናንት ማንም ይሙት ማን፣ ጠዋቱ በዚያው ቃል ይመጣል።" ያኔ፣ ማስተማር የለመደ አፍ ብላ አልፋዋለች።

አሁን ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አንዱ ላይ ቆመች። ሽማግሌው አባት በጦርነቱ የሞተውን ልጁን፣ እንደ አገሩ ወግ በእሳት አቃጥሎ የሚሸኝበት ነው። ቀጥሎ የነበረው ንጋት ተሰርዟል። ሽማግሌው ሳይነጋለት ሰዉ ወደ ጦርነቱ ተመልሷል።

"ይህችን ከሰረዝከው መስመር ጋር አንብባት። ድምፅህን አውጥተህ።"

አነበበ። የልጁ እሳት ጠፋ፤ አመዱ ተሰበሰበ። "ጎህ ቀደደ፣ ሰዎቹም ከየመኝታቸው ተነሱ።" አርታኢው ወደሚቀጥለው መስመር ሳያልፍ ትንፋሹን ሰበሰበ።

"ይሄ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ተነሱ" አለ።

"ምን ያድርጉ ታዲያ?"

ጆሮውን አከክ አከክ አደረገ። "ሁሉም ይመለስ ካልን ስምንት ገጽ ይበልጣል። ወረቀቱ ተቆርጦ አልቋል፤ አንዲት ገጽ አይጨምሩልኝም። ከሌላ ቦታ ካልተነሳ በቀር... መጨረሻው ላይ ያለው ደግሞ የእርስዎ ነው።"

የእሷ ስምንት ገጽ ነው፤ የባሏ የሕይወት ታሪክ፣ ከነፎቶግራፉ። አራት ወር ጽፋዋለች። መጀመሪያው ላይ በየማለዳው ጫማዋን አውጥቶ፣ "ነጋ፤ ጫማሽ በር ላይ ነው" ይላት እንደነበር ተጽፏል። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንዲት ቃል ሳይለውጥ። "ትናንትም ነግረኸኛል" ትለው ነበር።

"አንባቢ ማን እንደተረጎመው ማወቅ የለበትም?" አለ አርታኢው።

"ስሙ ሽፋኑ ላይ አለ።"

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች። በተሰረዘው ሁሉ ጎን "ይመለስ" እያለች እስከ መጨረሻው ጻፈች። የራሷን ስምንት ገጽ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

መጽሐፉ በወሩ ወጣ። ሠላሳ አራት ጊዜ ይነጋበታል። የተርጓሚው ፎቶግራፍ የለበትም።