ኤሊ ነፋሱን የከለለች ቀን

ቨርሊን ስተኪን በመንገዱ ላይ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። የከባድ መኪና ሾፌሩ ሁሉ በመገናኛ ራዲዮ «ኤሊ» ነበር የሚላት፤ ቤቷን ተሸክማ ስለምትዞር። እውነትም ሌላ ቤት አልነበራትም። ባሏ ካረፈ በኋላ ነብራስካ ውስጥ ካርኒ ከተማ የነበራቸውን ቤት ሸጠች፤ ከዚያ ከጋቢናዋ ኋላ ያለችውን ጠባብ መኝታ ቤቴ ብላ ገባች። ጫማ አድርጎ የሚገባባትን አትወድም። ቦቲህን ደረጃው ላይ አውልቀህ፣ እሷ የሠራችውን የሱፍ ካልሲ አጥልቀህ ነው የምትገባው። ውስጡ ሁልጊዜ ሽንኩርትና ሳሙና ይሸታል። በአንዲት የኤሌክትሪክ ድስት ባቄላውንም፣ ሥጋውንም፣ የፖም ኬኩንም ትሠራለች፤ ኬኩ ትንሽ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፣ ግን ማንም ደፍሮ አልነገራትም።

እኔ ኦርቫል ቲግ እባላለሁ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ብዙ ዘመን ነድተናል። እኔም እንደ እሷ ከመኪናዬ በቀር ቤት የለኝም።

አንድ ዓመት በብርዱ ወራት ቨርሊን በረዶ ከያዘው ደረጃዋ ተንሸራትታ ወደቀችና ትከሻዋን ጎዳች። ልጇ ዳርላ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ዳርላ እዚያው ካርኒ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት። ከጋራዣቸው በላይ ክፍል አሠርታ፣ ምድጃና አልጋ አስገብታ እናቷን ትለምን ጀመር።

«እማዬ፣ ብቻሽን ስትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

«ተነሣሁ እኮ።»

«አሁን ተነሣሽ! የሚቀጥለውስ?»

ጭቅጭቁ አላልቅ ሲል ቨርሊን እንዲህ አለቻት፦ «ሶልት ሌክ ከተማ ድረስ አብረሽኝ ሂጂ። ኑሮዬን እዪው። ጭነቱን ካራገፍን በኋላ ‹እማዬ ይብቃሽ› ካልሽኝ ቁልፉን እጅሽ ላይ አስቀምጣለሁ።»

እኔ ቡናዬ ትን አለኝ። ቨርሊን ያለችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ዳርላ ደግሞ ገና ጉዞው ሳይጀመር ልቧ የቆረጠ ይመስል ነበር።

ዋዮሚንግ ገብተን ከላራሚ ከተማ ብዙም ሳንርቅ፣ የመንገዱ ሰሌዳ ከነፋሱ የተነሣ ቀላል ጭነት የያዘ ተሳቢ እንዳያልፍ የሚል መብራት አበራብን። የተባልኩት እኔ ነኝ። ያን ሰሞን የምጭነው ቺፕስ ነበር። ሙሉ ተሳቢ ቺፕስ ማለት፣ ልጆቼ፣ በከረጢት የታሸገ አየር ማለት ነው፤ ነፋስ እንደ ባዶ ካርቶን ይገፋሃል። ኤሊ ግን የቆርቆሮ ባቄላ እስከ አፏ ጭናለች። እሷን የሚነቀንቃት የለም።

«ድንች፣ ትሰማኛለህ?» አለች በራዲዮ። ከቺፕሱ ወዲህ ስሜ ያ ሆኗል።

«እሰማሻለሁ።»

«ወደ ማደሪያው ታጠፍ። አንተን ከሜዳ ላይ ስለቅም መዋል አልፈልግም።»

«ቺፕሱ ቢበተን ግን ጥቂት ከረጢት መልቀምሽ አይቀርም።»

«ጨው የሌለውን ካገኘሁ።»

ከባድ መኪኖች የሚያርፉበት ግቢ ሞልቶ ነበር። እኔ ያገኘሁት ቦታ በምዕራብ ጠርዝ፣ ከአጥሩ አጠገብ፣ ነፋሱ ጎኔን ፊት ለፊት የሚያገኝበት ነው። ቨርሊን ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

ዳርላ ራባት። «ሳንድዊች ላምጣ» ብላ ተነሣችና በአንድ እጇ በሩን ከፈተች፤ ያውም በነፋሱ በኩል ያለውን። የአውቶቡስ በር ታጥፎ ነው የሚከፈተው፤ የእኛ በር ግን በነፋስ ቀን የጀልባ ሸራ ነው። ከእጇ መንጭቆ ወስዶ ጓ! አደረገው። ማጠፊያው ተጣመመ፣ በሩ እንደ ተሰበረ ክንፍ ወደ ፊት ተንጠለጠለ፣ የቨርሊን ካልሲዎች በጠቅላላ ተነሥተው ወደ ነብራስካ በረሩ።

ሮጬ ደረስኩ። ቨርሊን መሪዋን እንደያዘች ልጇን ታያታለች።

«ከቤቴ ልታስለቅቂኝ እንደመጣሽ አውቄያለሁ» አለቻት። «በሩን አስቀድመሽ ትወስጃለሽ ግን አላልኩም።»

ዳርላ ሊያለቅስ የደረሰ ፊት ነበራት። ሳታስበው ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ተናደደች። «ይኸው! ይሄ ነው እንግዲህ ቤት የምትይው!»

በሩን ገፍተን ዘጋነው፤ በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ከውስጥ ጠፍረን አሰርነው። እኔም ወደ ጋቢናዬ ተመለስኩ። ተቀምጬ ሳልጨርስ አንድ ትልቅ ነፋስ መጣና በእሱ በኩል ያሉት የተሳቢዬ ጎማዎች መሬት ለቀቁ። ተነሥተው ተመልሰው ወደቁ። ወገቤ ድረስ ተሰማኝ።

ራዲዮውን አነሣሁ። «ኤሊ፣ ጎማዬ ተነሣ።»

«ውጣ ከዚያ!»

«ቤቴን ጥዬ የት እወጣለሁ?»

ከእኔ ወዲያም ባዶ ተሳቢ የያዙ ነበሩ፤ ሁላቸውም ይወዛወዛሉ። ሁሉም ውስጣቸው ሰው አለ።

በእሷ ጋቢና ውስጥ የተባባሉትን በኋላ ዳርላ ራሷ ነግራኛለች። «እማዬ፣ ለአንቺ መንገዱ ክፍት ነው። ትከሻሽ ታሟል፣ በርሽ በቀበቶ ታስሯል። እባክሽ እንሂድ» አለቻት። ቨርሊን ግን ራዲዮውን አነሣች።

«እዚህ ግቢ ያላችሁ ሙሉ ጭነት የያዛችሁ ሁሉ! ኤሊ ነኝ። ቀላሎቹ ሊገለበጡብን ነው። እኛ ከባዶቹ በአጥሩ በኩል አንዳችን ከአንዳችን ኋላ ተቀጣጥለን ግድግዳ እንሁንላቸው። መጀመሪያ እኔ እገባለሁ።»

አንድ የቴክሳስ ሰው፣ የቀዘቀዘ ሥጋ የጫነ፣ ድምፁን ጎተት አድርጎ መለሰ። «እትዬ፣ መንገዱ ለእኔ ክፍት ነው፤ ቀጠሮም አለኝ። ግድግዳ ከፈለግሽ ግንበኛ ጥሪ።»

«የኔ ልጅ፣ ሥጋው በረዶ ሆኗል፤ የትም አይሸሽም። የሚሸሸው አንተ ነህ።»

ራዲዮው በሳቅ ተሞላ። ቴክሳሱ ግን ሞተሩን አስነሥቶ ወደ መውጫው ሄደ።

በእኔ ተሳቢና በአጥሩ መካከል የቀረው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፤ ካልተጠጋች ደግሞ ከለላ አትሆነኝም። ቨርሊን እዚያ ወደኋላ እየነዳች ልትገባ ነው፤ በማታይበት ጎን፣ አንገቷን እንኳ በቅጡ ማዞር በማትችልበት ትከሻ። ዳርላ እናቷን አየች። በሯ ታስሯል፤ በእናቷ ጭን ላይ ተረማምዳ በሾፌሩ በር ወረደች።

ነፋሱ ጎንበስ አድርጎ ይዟታል። የአውቶቡስ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው የመጣችው፤ አፏ ውስጥ ከተተችው። እጇን ዘረጋች። «ና» ስትል ቨርሊን ትመጣለች፣ «ቁም» ስትል ትቆማለች። ተሳቢው በእኔ መስኮት አጠገብ፣ እጄን ባወጣ በምነካው ርቀት፣ ቀስ እያለ አለፈ። ከአጥሩም ከእኔም አልተነካካም። ሙሉው ሲገባ ጋቢናዬ ውስጥ ያለው ጩኸት ድንገት ጸጥ አለ፤ ጥርሴን ነክሼ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ሌሎቹ መጡ። ዱቄት የጫነው፣ ወረቀት የጫነው፣ ሲሚንቶ የጫነው። ዳርላ ፊሽካዋን እየነፋች እንደ ተማሪ አሰለፈቻቸው።

«ሰማያዊው! ተጠጋ! አንተ ቀዩ፣ ምን ያንቀላፋሃል? እሺ፣ እዚያው!»

«ይቺ ማናት?» አለ አንዱ በራዲዮ።

«የኤሊ ልጅ» አልኩት።

«አስተማሪ ናት?»

«የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ።»

«ለዚህ ነዋ ሳላስበው ቀበቶዬን ያሰርኩት።»

አንድ መኪና የሚያህል ክፍተት በመጨረሻ ቀረ። ጭነት ያለው ሁሉ አልቋል። ነፋሱ በዚያች ቀዳዳ እየተምዘገዘገ አንዱን ባዶ ተሳቢ ያናውጠው ጀመር። ዳርላ ቀዳዳው ላይ ቆማ ዙሪያዋን ታያለች። በዚህ መሐል ከመውጫው በኩል ረዥም ክላክስ ተሰማ።

«ግንበኛው መጥቷል» አለ ቴክሳሱ። «ድንጋይ የጎደለው የቱ ጋ ነው?»

ቨርሊን «ልጄ ታሳይሃለች» አለችው።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ነፋሱ ያ ግድግዳ ላይ ተፈረካከሰ። የአጥሩን ቆርቆሮ ነቅሎ በኤሊ ተሳቢ ላይ ሲወረውር ሰምተናል፤ ዛሬም ጠባሳው አለ። ከግድግዳው ወዲህ ግን ክብሪት ቢለኮስ አይጠፋም ነበር። ቨርሊን ድስቷን አውጥታ ባቄላና ሥጋ ቀቀለች፤ ሰው ሁሉ ኩባያውን ይዞ ተሰበሰበ። አንዱ ባለፈው ጸደይ ፍሬኗን የጠገነላት ነው። ሌላው እናቱ የሞተች ለት ኤሊ ከኦሃዮ እስከ ሚዙሪ በራዲዮ እያጫወተች እንዳያንቀላፋ የሸኘችው ነው። አንዱ ዝም ብሎ ኬክ አለ ወይ ብሎ የመጣ ነው። ዳርላ ጭልፋውን ይዛ ለእያንዳንዱ ትቀዳለች፤ «የማን ነህ አንተ?» ትለዋለች፤ እሱም ይነግራታል። ቴክሳሱ ሁለተኛ ኩባያ ሲጠይቃት «ቀጠሮህስ?» አለችው። «ቀጠሮው እንዲህ አይነት ባቄላ የለውም» አላት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነፋሱ ሞተ። አንድም መኪና አልተገለበጠም። የመጀመሪያው ሲወጣ በኤሊ አጠገብ ክላክሱን ነፋ፤ ሁለተኛውም ነፋ፤ ሁሉም እየነፉ አለፉ። ቨርሊን እጇን እያወዛወዘች ትስቃለች፤ የታመመውን እጇን።

ሶልት ሌክ ጭነቱን ካራገፍን በኋላ፣ ማራገፊያው ግቢ ውስጥ እንደቆምን፣ ቨርሊን ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ በልጇ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። እኔ ከታች ጎማ የማይ መስዬ ቆሜአለሁ።

«ቃል ቃል ነው» አለቻት። «ተናገሪ።»

ዳርላ ቁልፉን አገላብጣ አየችው። «ትከሻሽ ያምሻል?»

«ያመኛል።»

«ሐኪም ታይዋለሽ። ከዚያ ደረጃ ላይ በረዶ ሳትጠርጊ አትወርጂም።»

«እሺ።»

«በየቀኑ ትደውይልኛለሽ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

«ብቻሽን ነሽ ብዬ ነበር የምጨቃጨቀው» አለች ዳርላ። «አገር ሙሉ ሰው አለሽ። ክፍሉን ለባሌ እናት እሰጣታለሁ።»

«ውይ ልጄን! እሷን ከምታመጪስ እኔ ብገባ ይሻልሽ ነበር።»

«አንቺ አይሆንልሽም፤ መስኮቱ ሁልጊዜ አንድ ዛፍ ብቻ ነው የሚያሳየው» ብላ ቁልፉን በእናቷ እጅ መለሰችው። «ይልቅ አስነሺው።»

ቨርሊን አስነሣችው። ከግቢው ወጥተን ዋናውን ጎዳና ስንይዝ ራዲዮው ተንጫጫና የዳርላ ድምፅ መጣ፦

«የኤሊ ልጅ ነኝ። ከእናቴ ጋር ወደ ምሥራቅ ልንሄድ ነው። መንገድ ላይ ማን አለ?»

ከፊትም ከኋላም፣ ከማዶም መስመር፣ በአንድ ጊዜ «አለን!» አሏት።