የዱር አሳማ ነከሰው

አባቴ አይመጣም፣ ቀርቷል፣ እህቴ ኑንዚያ ግን በእማዬ አጽም ምላለች፣ ጎትቼም ቢሆን ይዤው እመጣለሁ ብላለች፣ እሷ ደግሞ አለች ማለት አለች ነው፣ አባቴን በክንዱ ጎትታ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ያስገባች ሴት ናት፣ ኤዲያ፣ ተወው ሳባቶ፣ ትንፋሽህን አስብ፣ ከዓምዱ ጀርባ ቆመሃል፣ ቫዮሊኖቹ እየተቃኙ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሰምና እርጥብ ካፖርት ይሸታል። ውጭ ናፖሊ ላይ ይዘንባል። በዝናብ አባቴ ዓሣ የሚሸጥበት ገበያ ቀዝቃዛ ነው፣ እንግዲህ ዛሬ ሰበብ የለውም።

ሰበብ። ዛሬ የምዘፍነውን ይህን ዜማ መጀመሪያ የዘፈነው ቪቶ የሚባል የፑሊያ ገበሬ ልጅ ነበር፣ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ድምፁ እንዳይጎረምስ በልጅነቱ የሰለቡት፣ ያኔ ቤተ ክርስቲያን መስለብን ታወግዛለች፣ ስልቡን ግን ከመዘምራኑ መሐል ታቆመዋለች፣ ስለዚህ አባት የሆነ ሁሉ አንድ መልስ አጥንቶ ነበር። ልጅዎን ምን አገኘው? የዱር አሳማ ነከሰው። አቤት ያ አሳማ! ሌላ የሚነክሰው ያጣ ይመስል፣ ድምፀ መልካሙን ልጅ እየመረጠ፣ ያውም እዚያች ቦታ ላይ። የቪቶ አባትም ይህንኑ አለ፣ ጠያቂውም ውሸቱን እያወቀ አይ ምስኪን ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ ሆድ ይፍጀው ነው እንግዲህ።

እኔን ማንም አልነካኝም። ሙሉ ሰው ነኝ፣ ጠዋት የተላጨሁት ጺም ማታ ይወጋል፣ ሳወራ ድምፄ ወፍራም ነው፣ ስዘፍን ብቻ ከላይ ከስሱ በኩል አወጣዋለሁ፣ ልምምድ ነው፣ አለቀ። ለዓሣ ገበያው ግን ማን ያስረዳ። ዶን አኒዬሎ፣ ያ ልጅዎ እንደ ሴት ይዘፍናል አሉ፣ ምነው፣ ቆራርጠው ሸጡት እንዴ? አለው አንዱ ነጋዴ። ሳቅ በሳቅ። አባቴ ቢላውን በሽርጡ ጠረገ፣ ጠረገና፣ ልጅ ሆኖ ጉሮሮውን ታሞ ነው፣ አለ። እኔ የበረዶ ሣጥን ታቅፌ ከጀርባው ቆሜ ነበር። ጉሮሮዬን ታምሜ አላውቅም። ሣጥኑን አስቀምጬ ወጣሁ፣ ከዚያ ወዲህ እሱም አንድም ቀን ሊሰማኝ አልመጣም፣ ኋላ የቪቶን ታሪክ ሳነብ ነው አንጀቴ የተቃጠለው፣ ለካ የኔም አባት የዱር አሳማ አለው።

መሪያችን ኦርቴንሲያ ከቼምባሎው፣ ከዚያ ፒያኖ መሳይ የድሮ መሣሪያ ላይ፣ ቀና ብላ በዓይኗ ጠራችኝ። ውጣ።

ሦስተኛው ረድፍ። በስመ አብ፣ መጥቷል! የቀብር ኮቱን ለብሷል፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቷል፣ ዓሣ ዓሣ እንዳይሸቱ ነዋ፣ በአንድ ወገን ኑንዚያ እንደ ፖሊስ ተቀምጣለች፣ በሌላው ወገን ሉል ያሰሩ አሮጊት። አያየኝም። ወለሉን ነው የሚያየው። ምናለ አንዴ ቀና ብትል፣ አባዬ፣ አንዴ።

ዘፈኑ ጀመረ፣ ይስሐቅ ነኝ፣ ከአባቴ ጋር ተራራውን እወጣለሁ፣ እንጨቱ በጫንቃዬ ነው፣ ቢላው በእጅህ ነው፣ አባቴ ሆይ፣ በጉ የታለ? ይህን ለቪቶ ሰጡት፣ አባቱ ራሱ እጁን ይዞ ወደ ቢላው ለወሰደው ልጅ፣ ለእሱ ቁጥቋጦ ውስጥ የተያዘ በግ አልነበረም፣ እጅህን አንሳ የሚል ድምፅም ከሰማይ አልመጣም፣ እና በጉ የታለ እያለ ማታ ማታ ዘፈነላቸው፣ ሰውም አጨበጨበ። ኧረ እንዴት አጨበጨቡ!

መጨረሻው ላይ በጉ የታለ የሚለው ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ በአንድ ትንፋሽ ነው፣ ስልቦቹ ደረታቸው እንደ በርሜል ይሰፋ ነበር፣ እኔ እንዲያ ያለ ደረት የለኝም። እዚህ ጋ ትንፋሽ ስረቅ፣ ብላኛለች ኦርቴንሲያ፣ ቫዮሊኖቹ ይሸፍኑሃል፣ ወፍ አይሰማም። ሰረቅሁ። ወፍ አልሰማም። የእኔም አሳማ ይኸውና።

አሁን ደግሞ መመለሻው ነው፣ ዜማው ይመለሳል፣ ሲመለስ ዘፋኙ የራሱን ጌጥ ይጨምርበታል፣ ደንቡ ነው፣ ጌጤንም አጥንቼዋለሁ፣ ግን አባቴ ቀና አለ፣ አየኝ፣ እጆቹን ከኪሱ አወጣ፣ ጌጡ ሁሉ ከራሴ በነነ፣ በጉ የታለ፣ አልሰርቅም፣ እሱ እያየኝ አልሰርቅም፣ ይረዝማል፣ ቫዮሊኖቹ የመስረቂያውን ቦታ ከፈቱልኝ፣ ሳልሰርቅ አለፍኩት፣ ይረዝማል፣ የጎን አጥንቴ ተጣበቀ፣ ትንሽ ብቻ፣ ጥቂት፣ እ

አለቀ። ድምፄ መሐል ላይ ተበጠሰ። ኦርቴንሲያ እጇን አነሳች፣ ቫዮሊኖቹ ቆሙ። የዝናቡ ድምፅ ብቻ። ምን ጉድ ነው የሠራሁት፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ተንፍስ!

ነፍሱ ያልወጣ ሰርዲን እያለ ገበያ ላይ ሰፈር የሚያስነሳው ያ የአባቴ ድምፅ ነው፣ ቆሟል፣ የቀብር ኮቱን እንደለበሰ ቆሟል፣ ተንፍስ እንጂ አንተ ልጅ፣ ማን አባሮህ ነው! ሽሽ አሉት፣ ኑንዚያ ኮቱን ትጎትታለች፣ አባዬ ተቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አባዬ በማርያም። አሮጊቷ ወደ እሱ ዘንበል አሉ፣ ሹክ ያሉ መስሏቸዋል፣ ይህ ጣሪያ ግን ሹክሹክታ አይደብቅም፣ አይ ምስኪን፣ ጉሮሮውን ታሞ ነው እንዴ?

ይኸው። መልሱ ተዘጋጅቶ ቀረበለት፣ አዎ ማለት ብቻ ነው የቀረው፣ ከንፈሩ ሲላቀቅ አየሁ፣ በለው እንግዲህ፣ እኔም ለምጄዋለሁ፣ በለውና ይለቅ።

ምንም አልሆነም፣ ሴትዮ።

ቁጭ አላለም። ምንም አልሆነም፣ ታሞም አያውቅ፣ ድምፁ ነው፣ ልጄ ነው፣ ትንሽ ይተንፍስና ይጨርሰዋል።

እንባዬ መጣ፣ አሁን አይደለም፣ ቆይ፣ ኦርቴንሲያ ታየኛለች፣ ጣቶቿ ቼምባሎው ላይ ናቸው፣ እሺ እላታለሁ በራሴ፣ ከመመለሻው፣ ከመጀመሪያው፣ አፌን እከፍታለሁ፣ አየሩን ስስብ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ይሰማል፣ ይስማ፣ እስከ ሆዴ ድረስ እተነፍሳለሁ፣ አባቴ ሆይ