የቦሎቄው ጨው

አያ አዳሙ ማሳውን ለሙከራ ሲሰጥ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀበት። ወንጌላዊት የምትባል የአፈር ተመራማሪ ከጎንደር ወደ ቆላ ድባ መጥታ የቦሎቄውን ማሳ በገመድ ለሁለት ከፈለችው። ገሚሱ ላይ ፖታሽ የሚባለውን ማዳበሪያ በተነች፤ ገሚሱን እንዲሁ ተወችው። ፖታሹ ሻካራ፣ ነጣ ብሎ ቀላ የሚል፣ ለዓይን ጨው የሚመስል ነገር ነው። የተረፈውን ጆንያ የአያ አዳሙ ሚስት እጅጋየሁ በረቱ ጥግ አስቀመጠችው። ወንጌላዊት በሳምንቱ መጥታ እንደምትወስደው ነግራ፣ እስከዚያ እንዳይነኩት አስጠነቀቀች። ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረችም። የተማረ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ እሱ የሚያውቀውን አገር ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል።

በሳምንቱ መንገድ ተዘጋ። ስልኩም ዝም አለ። ከገበያው መጀመሪያ የጠፋው ጨው ነበር።

ቦሎቄው ግን መንገድ እስኪከፈት አልጠበቀም። ፖታሽ ያልነካው በኩል ቅጠሉ ከዳር ከዳሩ ቢጫ ሆነ፣ ነፋስ ሲመጣም ተኛ። የተበተነበት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እስኪያስፈራ ድረስ ፍሬ ያዘ። አያ አዳሙ ዓይኑን ከሱ መንቀል አቃተው። አንድ ቀን ከጆንያው ቆንጥሮ ቀመሰ። ጨው ነው፤ ትንሽ መረር ይላል። እጅጋየሁ ልጅቱ አትንኩ ማለቷን ብታስታውሰው አልሰማትም።

«አፈር ጠግቦበት፣ ቦሎቄ ወፍሮበት፣ በሬ ላይ ምን ሊያመጣ ነው?» አላት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሱ ግን መጠርጠርን እንደ ክፋት የሚቆጥር ሰው ነው። በዚያ ሰፈር ደግሞ በሬ ጨው የተለወሰ አተላ ሳይጠጣ አውድማ አይገባም፤ ነውር ነው። የመውቂያው ቀን ደርሷል፣ ጨው የለም።

መንገዱ ሲከፈት ወንጌላዊት በመጀመሪያው ሚኒባስ ከጎንደር አዘዞ ተነሳች። ፖታሽ በአንድ ጊዜ በብዛት ሆዱ ከገባ የበሬን ልብ እንደሚያቆም ታውቃለች፤ ይህን ሳትናገር መሄዷ እንቅልፍ ነስቷት ከርሟል።

አያ አዳሙ በሳቅ ተቀበላት። እጇን ይዞ ወደ አውድማው ወሰዳትና ለየብቻ የተከመረውን ቦሎቄ አሳያት። የፖታሹ ክምር የሌላውን እጥፍ ያህላል። ክረምቱን ሙሉ የተመኘችው ይህንን ነበር፤ አሁን ግን ዓይኗ በረቱ ላይ ነው።

«አያ አዳሙ፣ ጆንያው የታለ?»

«ምነው ልጄ፣ ከፋሽ እንዴ? ጨውሽ እኮ ሸጋ ነው። ብቻዬን አልበላሁትም። ዛሬ በማለዳ ለጎረቤት ሁሉ አካፈልሁት። ያኔ የሳቁብኝ ሁሉ እየመረቁኝ ወሰዱ፤ ይኸው በሬያቸውን እያጠጡ ነው።»

ወንጌላዊት በያዘው እጁ ወደ በረቱ ጎተተችው።

ከታች ሰፈር አንድ ሰው አያ አዳሙን ጠራ። ሊያመሰግነው መስሎት «አቤት» አለ። ሌላ ሰው ደግሞ ከማዶ ጠራው። ለዚያም «አቤት» አለ።

እጅጋየሁ ባዶ ገንዳ ይዛ ከበረቱ ወጣች።

«ቦራው በሬ ወደቀ» አለች። «ብጎትተው፣ ብጎትተው አይነሳም።»

አያ አዳሙ የወንጌላዊትን እጅ ለቀቀ። ሦስተኛው ሰው ሲጠራው አቤት አላለም።